የተጎታች ቤት ባትሪ መሙያ ሲሻሻል፦ ኮንቨርተር፣ የመኪና ዲናሞ፣ የፀሐይ ፓኔል ወይስ ጄነሬተር?

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ተጎታች ቤት የኤሌክትሪክ መሰኪያ ባለበት የካምፕ ሥፍራ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ነው። የ30 ወይም የ50 አምፔር ገመዱ እስከተሰካ ድረስ አየር ማቀዝቀዣው፣ ማይክሮዌቩና የግድግዳ ሶኬቶቹ በ120 ቮልት ይሠራሉ፤ መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የማሞቂያው ማራገቢያና የጋዝ ጠቋሚው ደግሞ ኮንቨርተሩ ወደ 12 ቮልት ቀይሮ የሚሰጣቸውን ኃይል ስለሚጠቀሙ ባትሪው እምብዛም አይደክምም። ችግሩ የሚመጣው መሰኪያ በሌለበት ሲታደር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሐበሾች ቅርብ የሆኑት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የካምፕ ሥፍራዎች የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላቸውም፤ በአሳቲግ ደሴት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያስተዳድረው የባሕር ዳርቻ ካምፕም እንዲሁ ነው። ወደ ምዕራብ ለሚዘልቁት ደግሞ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ባሉት ሰፋፊ መሬቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን በነፃ መቆየት ይፈቀዳል፤ እዚያ ግን የሚገኘው ባዶ ሜዳ ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ ሌሊት ላይ ማሞቂያው ሲቆም ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ትልቅ ባትሪ ስለ መግዛት ነው። ባትሪውን ማሳደግ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሙያው ደካማ ሆኖ ባትሪውን ብቻ ማሳደግ ቧንቧው ጠብ ጠብ እያለ ሮቶውን በትልቅ ሮቶ እንደ መተካት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ባትሪውን የሚሞሉትን አራት መንገዶች አነጻጽራለሁ። በማነጻጸርበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የማየው በዕቃው ካርቶን ላይ የተጻፈውን አምፔር ሳይሆን ባትሪው ፖል ላይ በእርግጥ የሚደርሰውን ቮልት ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው ለውጥ ያላመጡ ማሻሻያዎች አብዛኛውን ጊዜ የከሸፉት ይህ ቮልት ሳይለካ በመቅረቱ ነው።

መጀመሪያ ፍጆታውንና ቮልቱን መለካት

ምርጫው የሚጀምረው በአንድ ቀን ስንት አምፔር-ሰዓት እንደሚወጣ ከማወቅ ነው። የማሞቂያው ማራገቢያ በሚዞርበት ጊዜ ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ በብርድ ሌሊት እየበራ እየጠፋ በድምሩ አራት ሰዓት ቢሠራ 28 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል። የኤልኢዲ መብራቶቹ፣ የውሃ ፓምፑና የስልክ ቻርጀሮቹ ተደምረው ከ10 እስከ 15 ይሆናሉ። የጋዝ ጠቋሚው፣ ሬዲዮውና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎቹ ደግሞ ማንም ልብ ሳይላቸው ሌት ተቀን ጥቂት ጥቂት እየወሰዱ ከ7 እስከ 10 ይጨምራሉ። እስካሁን 50 ገደማ ደርሰናል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ፍሪጁ ነው። በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ፍሪጅ ከባትሪው የሚወስደው በጣም ጥቂት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በብዛት የሚገጠመው የ12 ቮልት ኮምፕረሰር ፍሪጅ እንደ መጠኑና እንደ አየሩ ሙቀት በቀን 50፣ 60 አምፔር-ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ሌሊትና ቀን የአንዱ ፍጆታ 50፣ የሌላው ከ100 በላይ ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመጀመሪያው የበቃ መፍትሔ ሁለተኛውን አያሳድረውም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ቡናና እንጀራም መግባት አለባቸው። የ1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ቮልት በሚቀይረው መሣሪያ) ሲሠራ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 90 አምፔር ይስባል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። መሰኪያ በሌለበት ቦታ ቡናው በጋዝ ምድጃ ላይ ቢቆላና ቢፈላ፣ እንጀራውም ከቤት ተጋግሮ ቢመጣ፣ ለዚያ ብቻ ሲባል የሚገዛ ትልቅ ኢንቨርተርና ተጨማሪ ባትሪ ይቀራል። አንዳንድ ቤተሰብ ይህን ምቾት አጥብቆ ሊፈልገው ይችላል፤ ከፈለገው ግን ከመጀመሪያው አስቦ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ሁለተኛው ልኬት በቴስተር የሚሠራ ነው። ባትሪው ግማሽ ያህል ከወረደ በኋላ ገመዱ ይሰካና ኮንቨርተሩ መሙላት ሲጀምር ቮልቱ በሁለት ቦታ ይለካል፤ በመጀመሪያ ኮንቨርተሩ ዘንድ፣ ቀጥሎም ባትሪው ዘንድ። በኮንቨርተሩ ሣጥን ውስጥ የ120 ቮልት መስመርም ስላለ ያልለመደ ሰው ሣጥኑን መፍታት የለበትም፤ ከፊት ለፊት ባሉት የ12 ቮልት ፊውዞች ላይ መለካት ይበቃዋል። ባትሪው ዘንድ ደግሞ የቴስተሩ ጫፍ መንካት ያለበት ራሱን የእርሳስ ፖሉን እንጂ በፖሉ ላይ የታሰረውን ማሰሪያ አይደለም፤ በፖሉና በማሰሪያው መካከል የሚጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በራሱ ቮልት ይበላልና። ማሰሪያው ላይ 13.6፣ ግማሽ ሣንቲሜትር እልፍ ብሎ ፖሉ ላይ 13.2 ከተነበበ ጥፋቱ የቻርጀሩ ሳይሆን የማሰሪያው ነው፤ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ በደንብ ቢጠብቅ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል። ልዩነቱ ከኮንቨርተሩ እስከ ባትሪው ባለው መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ቀጥኗል ማለት ነው።

የሽቦውን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 8 ጌጅ የመዳብ ሽቦ (የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) በየ1,000 ጫማው ወደ 0.63 ኦም ይከላከላል። ኮንቨርተሩ ከባትሪው 25 ጫማ ቢርቅ የመሄጃና የመመለሻ መንገዱ 50 ጫማ ስለሚሆን፣ 40 አምፔር ሲያልፍበት አንድ ቮልት ከሩብ ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ4 ጌጅ ሽቦ ቢተካ የሚቀረው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ባትሪ መሙላት ማለት ደግሞ በ13.6 እና በ14.4 ቮልት መካከል ያለ ልዩነት ላይ የሚወሰን ሥራ ስለሆነ፣ የአንድ ቮልት ጉድለት ሥራውን ከሰዓታት ወደ ቀናት ያራዝመዋል።

ባትሪው የሚጠይቀው

መሙያ ከመመረጡ በፊት የባትሪው ዓይነት መታወቅ አለበት። ከሻጩ ጋር አብሮ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጉሩፕ 24 የሚባለው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ነው፤ የሚይዘው ከ70 እስከ 85 አምፔር-ሰዓት ሲሆን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች መውረድ ስለሌለበት በተግባር የሚሰጠው 40 ገደማ ነው። ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ መኪና ባትሪዎች በተከታታይ ሲታሰሩ ከ210 እስከ 225 ይይዛሉ፤ ለብዙ ዓመታት የተመሰከረላቸው ጠንካራ ምርጫ ናቸው፤ ክብደታቸውንና ውሃ መጨመሩን ለማይፈሩ ዛሬም እመክራቸዋለሁ። የእርሳስ ባትሪ ሁሉ ጠባይ ግን አንድ ነው፤ እስከ 80 ከመቶ ድረስ በፍጥነት ይቀበላል፣ የቀረውን 20 ከመቶ ለመሙላት ግን ቻርጀሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ሳይሞላ ለረጅም ጊዜ ከተተወም የእርሳስ ሰልፌቱ በሳህኖቹ ላይ እየጠነከረ የመያዝ አቅሙን ይቀንሰዋል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከዚህ በብዙ ይለያል። 100 አምፔር-ሰዓት የተባለው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይሰጣል፤ ክብደቱ ተመሳሳይ አቅም ካለው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ነው፤ እስኪሞላ ድረስም የተሰጠውን አምፔር ሳያመነታ ይቀበላል። በአብዛኛው ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት ይፈልጋል። ትልቁ ገደቡ ብርድ ነው፤ ሴሎቹ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ ከተደረጉ ለዘለቄታው ይጎዳሉ። ቢኤምኤስ የሚባለው ውስጣዊ መቆጣጠሪያ ይህን የሚከላከል መሆኑን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ርካሽ ከሆኑት መካከል ይህ መከላከያ የሌላቸው አሉ። ባትሪውን ከተጎታቹ አፍንጫ ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ፣ ከአልጋ ወይም ከመቀመጫ ሥር ማዛወርም ጥሩ መፍትሔ ነው። ጋዝ የሚያወጣው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ግን መኝታ ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም።

ኮንቨርተሩን መለወጥ

ከአራቱ መንገዶች በአነስተኛ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ በተለይ ቤቱ በአመዛኙ መሰኪያ ባለበት ለሚቆም ወይም ጄነሬተር ላለው ሰው። ከፋብሪካ የሚገጠሙት በርካታ ኮንቨርተሮች በወረቀት ላይ ሦስት ደረጃ አላቸው፤ 14.4 ቮልት ለፈጣን መሙያ፣ 13.6 ለመደበኛ፣ 13.2 ለማቆያ። በተግባር ግን ብዙዎቹ ወደ 14.4 ሳይወጡ 13.6 ላይ ቆመው ይቀራሉ። ምክንያቱ ኮንቨርተሩ ቮልቱን የሚለካው በራሱ ጫፍ ላይ እንጂ ባትሪው ፖል ላይ አለመሆኑ ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ ፍሰቱን ሲያፍነው ኮንቨርተሩ ባትሪው ብዙ እንደማይፈልግ ይቆጥራል። በ13.6 ቮልት የእርሳስ ባትሪን ከግማሽ እስከ ሙሉ ለማድረስ አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ሊቲየሙን ደግሞ ቀስ ብሎ ቢሞላውም ሴሎቹ እርስ በርስ የሚመጣጠኑበት ቮልት ላይ አያደርሰውም።

ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የፊውዝና የሰርኪዩት ብሬከር ሣጥኑን በቦታው ትቶ ከታች ያለውን የቻርጀር ሰሌዳ ብቻ መተካት ነው። ለምሳሌ በብዙ ተጎታች ቤቶች ውስጥ በሚገኘው የደብልዩ ኤፍ ሲ ኦ 8955 ሣጥን ውስጥ የፕሮግረሲቭ ዳይናሚክስ ፒዲ 4655 ሰሌዳ ይገባል፤ ለሊቲየም ተብሎ የተዘጋጀም አለው። የእርሳስ ባትሪ ለያዘ ሰው የዚህ ኩባንያ ቻርጅ ዊዛርድ የሚባለው የመሙያ መቆጣጠሪያ ጥሩ ጎን አለው፤ ባትሪው ለረጅም ጊዜ ተሰክቶ ሲቆም በየ21 ሰዓቱ ለ15 ደቂቃ ቮልቱን ወደ 14.4 ከፍ በማድረግ አሲዱ ከታችና ከላይ እንዳይለያይ ያደርጋል፤ ሰውም ሲፈልግ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ፈጣኑ መሙያ ሊያሸጋግረው ይችላል። ሁለተኛው መንገድ የድሮውን ቻርጀር ከሥራ አውጥቶ አዲስ ቻርጀር ባትሪው አጠገብ መትከል ነው። ይህ የ120 ቮልት መስመር እስከዚያ መሳብን ቢጠይቅም ወፍራሙ የ12 ቮልት ሽቦ አጭር ስለሚሆን የቮልት መጥፋቱን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው።

መጠኑን በተመለከተ ትልቅ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። የእርሳስ ባትሪ ከአቅሙ ከ10 እስከ 25 ከመቶ ያህል አምፔር ይስማማዋል፤ 220 አምፔር-ሰዓት ለሚይዙት የጎልፍ ባትሪዎች 45 ወይም 55 አምፔር ተገቢ ነው። ለአንድ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ብዙ አምራቾች ከ50 አምፔር እንዳያልፍ ስለሚመክሩ የባትሪውን ወረቀት ማየት ይገባል። ኢንቨርተርና ቻርጀርን በአንድ ሣጥን የያዙት እንደ ቪክትሮን መልቲፕላስ ያሉት ደግሞ ማይክሮዌቭና ሶኬቶችን በባትሪ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው እንጂ መሙያውን ብቻ ለማሻሻል ለሚያስብ ሰው ዋጋቸው አያዋጣም።

የመኪናው ዲናሞ

ብዙ ሰው ተጎታቹ ከመኪናው ጋር በባለ 7 እግሩ ፕላግ ከተያያዘ ሲጓዝ ባትሪው ይሞላል ብሎ ያምናል። መጠነኛ እውነት አለው፤ ነገር ግን መጠኑ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ከመኪናው ኮፈን ሥር እስከ ተጎታቹ ባትሪ ያለው ርቀት 30 ጫማ፣ ደርሶ መልሱ 60 ጫማ ቢሆንና ሽቦው 10 ጌጅ ቢሆን 10 አምፔር ሲያልፍ 0.6 ቮልት፣ 20 አምፔር ሲያልፍ 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 13.8 ቢሰጥ በ10 አምፔር ተጎታቹ ጋር የሚደርሰው 13.2 ነው። ግማሽ የሞላ ሊቲየም ባትሪ ያለ ሥራ ተቀምጦ ራሱ ወደ 13.2 ስለሚጠጋ ፍሰቱ ከ10 አምፔር እምብዛም አያልፍም። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ያለው ነዳጅ ቆጣቢ ዲናሞ ቮልቱን እንደ አስፈላጊነቱ ስለሚያወርደው ነገሩ ይብሳል፤ አንዳንዴም ፍሰቱ ተገልብጦ የተጎታቹ ባትሪ መኪናውን ሊመግብ ይችላል። ከዚህም በፊት መረጋገጥ ያለበት ነገር አለ፤ አንዳንድ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የዚህ መስመር ፊውዝ ሳይገጠምላቸው ስለሚመጡ ሞተሩ እየሠራ በፕላጉ ላይ 12 ቮልት መኖሩን በቴስተር ማየት ይገባል።

መፍትሔው ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀር ነው። ይህ መሣሪያ በተጎታቹ ባትሪ አጠገብ ተተክሎ ደክሞ የሚደርሰውን ቮልት ተቀብሎ ባትሪው ወደሚፈልገው 14.2 ወይም 14.4 ከፍ ያደርገዋል፤ ከመኪናው የሚሳበውንም አምፔር ይገድባል። የመጨረሻው ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ሊቲየም ባትሪ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከዲናሞ ጋር ቢያያዝ ዲናሞው እስኪግል ድረስ ሊስበው ይችላል። የቪክትሮን ኦሪዮን፣ የሬድአርክ ቢሲዲሲና የሬኖጂ ምርቶች በስፋት ይታወቃሉ። ሬኖጂ ዲሲሲ 50 ኤስና በርካታ የሬድአርክ ሞዴሎች የፀሐይ ፓኔል መግቢያም ስላላቸው ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ቦታ ይቆጥባሉ፤ በአንጻሩ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሁለቱም አገልግሎቶች አብረው ይቋረጣሉ።

እዚህ ላይ ገዢዎች የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። 30 አምፔር የሚያወጣ ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀር ቮልቱን ከፍ ስለሚያደርግና የሚባክንም ስላለ ከመኪናው ወደ 40 አምፔር ይስባል። የባለ 7 እግሩ ፕላግ መስመር ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፔር ስለሆነ ይቃጠላል፤ ባይቃጠልም በ10 ጌጅ ሽቦ ላይ ከ2 ቮልት በላይ ይጠፋል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። በነባሩ ፕላግ ለመጠቀም የፈለገ ሰው ከ15 እስከ 18 አምፔር የሚያወጣ ትንሽ ቻርጀር ወይም እንደ ኦሪዮን ኤክስ ኤስ መጠኑን በስልክ ዝቅ ማድረግ የሚቻልበትን ይምረጥ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ግን ከመኪናው ባትሪ ጀምሮ በ6 ወይም በ4 ጌጅ ኬብልና በአንደርሰን ማያያዣ የተለየ መስመር መዘርጋት አለበት፤ ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ፣ የኬብሉ ዋጋም ከቻርጀሩ ሊስተካከል ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚክሰው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚንቀሳቀስን ሰው ነው። 30 አምፔር ለሦስት ሰዓት ጉዞ 90 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ደመናም ሆነ ጥላ አያግደውም። አንድ ቦታ ሳምንት ለሚቆም ሰው ግን ቆሞ ሞተር እያስነሱ ባትሪ መሙላት ነዳጅ ማባከን ነው።

ፀሐይ

የፀሐይ ፓኔል ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በዝግታ የሚፈልገውን የመጨረሻውን 20 ከመቶ ለመሙላት ከእሱ የተሻለ የለም። የ200 ዋት ፓኔል ጥላ በሌለበት በበጋ ቀን ከ600 እስከ 700 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ወደ 50 አምፔር-ሰዓት ይሰጣል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ላለው ቤተሰብ ይህ የቀን ፍጆታውን ይተካለታል፤ የ12 ቮልት ፍሪጅ ላለው ግን 400 ዋት እንኳ ጠባብ ነው።

በእርግጥ የሚወስነው ቦታው ነው። በኔቫዳ በረሃ ወይም በአሳቲግ አሸዋ ላይ የፀሐይ ፓኔል ብቻውን ሊበቃ ይችላል። በሸናንዶዋ ዛፎች ሥር ግን በጣሪያ ላይ የተገጠመ ፓኔል ከተጻፈበት አቅም ጥቂቱን ብቻ ይሰጣል፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ምርቱን በእጅጉ ይጥለዋል። ለጥላማ ካምፕ ከጣሪያው ይልቅ ረጅም ሽቦ ያለው ተንቀሳቃሽ ፓኔል ይሻላል፤ ፀሐይን እየተከተሉ ማዞር ግን ሰው ካምፑ ውስጥ ሲውል ብቻ የሚሆን ነው። ተንቀሳቃሽ ፓኔል በተጎታቹ ጎን ባለው መሰኪያ ሲያያዝ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በቴስተር ማረጋገጥ አይዘለል፤ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው መሰኪያዎች እንደ አምራቹ አቅጣጫቸው ይገለበጣል።

በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባውን መቆጣጠሪያ በተመለከተ ኤምፒፒቲ የሚባለው ከፒደብልዩኤም ይሻላል፤ ምክንያቱም ፒደብልዩኤም ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ስለሚያወርደው በ18 ቮልት 5.5 አምፔር የሚያመነጭ የ100 ዋት ፓኔል ለባትሪው የሚሰጠው 73 ዋት ያህል ብቻ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ዛሬ ጠብቧል፤ ለአንድ ትንሽ ፓኔል ካልሆነ በቀር ፒደብልዩኤምን አልመክርም።

ጄነሬተር

ጄነሬተር በራሱ ባትሪ መሙያ አይደለም፤ የ120 ቮልት መሰኪያ ይዞ መምጣት ነው። እንደ ሆንዳ ኢዩ 2200 አይ ያለው፣ ያለማቋረጥ 1,800 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ጄነሬተር 55 አምፔር ቻርጀርን ያለ ችግር ያንቀሳቅሳል። ጥያቄው ሰዓት ነው። በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ጄነሬተር የሚፈቀደው ጠዋትና ማታ ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥሩ ቻርጀር ለሊቲየም ባትሪ 100 አምፔር-ሰዓት ያህል ሊሰጥ ሲችል፣ 13.6 ቮልት ላይ የሚቆም የፋብሪካ ኮንቨርተር በእርሳስ ባትሪ ላይ የዚህን ትንሽ ክፍል ብቻ ያስገባል። ስለዚህ ጄነሬተር ያለው ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ኮንቨርተሩን ይለውጥ፤ ያው ጄነሬተር በዚያው ነዳጅ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሠራለታል።

ለማን የትኛው

ቅዳሜና እሁድን ብቻ የሚወጣና በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ መግዛት አያስፈልገውም። ሁለት የጎልፍ ባትሪዎች ወይም አንድ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ከነተስማሚ ኮንቨርተሩ ቤቱ ተሞልቶ ከወጣ ሁለት ሌሊት ያሳድሩታል፤ 100 ዋት ተንቀሳቃሽ ፓኔል ቢጨምር ሦስተኛውንም ያገኛል። የ12 ቮልት ፍሪጅ ያለው ሰው ግን ከ200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም በታች ባይጀምር ይሻላል፤ በጥላ የሚቆም ከሆነ ጄነሬተርና ትልቅ ኮንቨርተር፣ በሜዳ የሚቆም ከሆነ 400 ዋት ፀሐይ። ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ አገር የሚያይ ሰው ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀሩን ያስቀድም። በክረምት ብርድ የሚያድር ሰው ባትሪውን ወደ ውስጥ ማስገባት ካልቻለ ወይም የማሞቂያ ንጣፍ ያለውን ሊቲየም ካልገዛ በእርሳስ ባትሪ ቢቆይ ይሻለዋል።

በየትኛውም ምርጫ ላይ የባትሪ መከታተያ ሻንት ቢታከል ገንዘቡን ይመልሳል። የባትሪውን መጠን እንዲያሳዩ በግድግዳው ላይ የተገጠሙት አራት መብራቶች የሚያነቡት ቮልት ነው፤ የሊቲየም ቮልት ደግሞ ከሙሉ እስከ ሩብ ድረስ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ስለሚቆይ መብራቶቹ ምንም አይነግሩም። ሻንቱ የገባውንና የወጣውን አምፔር-ሰዓት ስለሚቆጥር እስካሁን በግምት የሠራነውን የፍጆታ ስሌትም በእውነተኛ ቁጥር ያርመዋል።

ሽቦውን የሚሠራው ባለሙያም ሆነ ባለቤቱ ሁለት ነገሮችን መዝለል የለበትም። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣ ማንኛውም ወፍራም ሽቦ በተቻለ መጠን ለፖሉ ቅርብ በሆነ ቦታ ፊውዝ ይኑረው፤ ለሊቲየም ክላስ ቲ የሚባለው ይመረጣል፤ ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀውን በሺህ የሚቆጠር አምፔር ተራ ፊውዝ ላያቋርጠው ይችላልና። ሁለተኛው፣ ተጎታቹ በጉዞ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዘው የብሬክአዌይ ስዊች ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ባትሪ ነው። አዲስ ማጥፊያ ማብሪያ ሲገጠም የዚህ ስዊች ሽቦ ከማጥፊያው በፊት፣ በራሱ ፊውዝ ወይም ብሬከር በኩል ከባትሪው ጋር መታሰር አለበት፤ ይህ ካልሆነ ባትሪውን አጥፍቶ የሚጓዝ ሰው ተጎታቹን ያለ መጠባበቂያ ፍሬን ይጎትታል። ባትሪው ወደ ውስጥ በሚዛወርበት ጊዜም ይህ ቀጭን ሽቦ ከአሮጌው ሣጥን ጋር ተቆርጦ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሥራው ሲያልቅም ተጎታቹ በቆመበት የስዊቹን ፒን ነቅሎ ፍሬኑ መያዙን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ፒኑን ወዲያው መመለስ ተገቢ ነው።